የተማሪዎች ጥናት ከመደርደሪያ ወርዶ ለከተሞቻችን ይድረስ



በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች እየተስፋፋ ስለ ሆነ፣ ከተማን የሚያስውብ ሰው አስቀድሞ የማንን ምክር መጠየቅ እንደሚገባው አሳቤን ለአንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

አገራችን ለዚህ ሥራ ትምህርት ቤት የላትም አይባልም። በ1940ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በልደታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ፣ ከሥነ ሕንፃ ሌላ የአካባቢ ፕላንንና የመልክዐ ምድር ንድፍን በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። የዚህ ሙያ ተማሪ አንድ ስፍራ መርጦ የውሃውን መውረጃ፣ አፈሩን፣ ዛፉንና የሰውን መተላለፊያ አጥንቶ ንድፍ ያቀርባል። ከተመረቀ በኋላ ግን ጥናቱ ብዙውን ጊዜ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ በሥራ ቋንቋው በኦሮምኛ አጠር ተደርጎ ካልቀረበ በቀር የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢያገኘው እንኳ ብዙ አይጠቀምበትም።

ጉዳቱ በኦጎልቾ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ኦጎልቾ፣ በሩቅ ስሟ የሚታወቀው በቁሉምሳ የምርምር ማእከል በወጣው የስንዴ ዘር ነው። የጭላሎ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ሲል፣ የዝዋይ ሐይቅ ግን ከ1600 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የደጋውን ውሃ የከታር ወንዝ ሰብስቦ በዚሁ ወረዳ አድርጎ ወደ ሐይቁ ያስገባል። እንግዲህ በላይ ደኑ ሲመነጠርና ተዳፋቱ ሲታረስ፣ አፈሩ ተጠርጎ የሚመጣው ወደ ታች ነው። ለዚህ ቆላ ብዙ ውሃ የሚጠጣ የሣር መስክና ፏፏቴ ከመዘርጋት ይልቅ፣ ያለውን ግራር ጠብቆ ጥላ ማድረግና ጎርፉን በቦይ መምራት ይሻላል። ይህንንም ለክቶ የሚነግረን በስፍራው የተመላለሰ አጥኚ እንጂ ከሌላ ከተማ የተቀዳ ፕላን አይደለም።

ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ዘሩን በቁሉምሳ ከፈተነ በኋላ በአርአያ ገበሬዎች አማካይነት ለሕዝብ አሳየ፤ ጥናትም ወደ ማሳ ወረደ። ሆኖም እርሻው ትርፍ ሲሰጥ፣ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ጀምረው ብዙ ጭሰኞችን ከሚያርሱት መሬት አስለቀቁ። ስለዚህ የንድፉ መልካምነት ብቻውን አይበቃም፤ በስፍራው የሚኖረውና ጉሊት የምትቸረችረው እናት ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

እንግዲህ በበኩሌ ሦስት ነገር ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ ማናቸውም ጥናት ሲጸድቅ ቅጂውና በሥራ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ማብራሪያ ለተጠናበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይላክ። ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቶች በየዓመቱ የቸገራቸውን ጉዳይ ጽፈው ለዩኒቨርሲቲዎች ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየክረምቱ ጎርፍ የደረሰበትን ስፍራና የወደቀውን ዛፍ ይመዝግቡ፤ ለሚመጣው አጥኚ መነሻ ይሆነዋል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዶማው ከመነሣቱ በፊት ወረቀቱ ቢነበብ ግን፣ ኋላ አፍርሶ ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከኦጎልቾ (አርሲ)