የመጋዘን እርጅና ለምን 20 ዓመት ይፈጃል?

ድንበር ላይ የምንነግድ ሰዎች ስለ ቀረጥ ስናወራ ሌሊቱ ይነጋል። ስለ ሕንፃ የእርጅና ቅናሽ ግን ብዙም አናነሳም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ይመስለናል። ሆኖም አዲስ መጋዘን ይሠራ ወይስ እህሉ በሸራ ሥር ይደር ከሚለው ውሳኔ ጀርባ ይህ ስሌት አለ።

በኢትዮጵያ ለንግድ ሥራ የተሠራ ሕንፃ ወጪ በአንድ ጊዜ ከገቢ አይቀነስም። በፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት የሚቀነሰው በየዓመቱ 5 በመቶ ነው። ሙሉ ወጪው ተቀንሶ የሚያልቀው በ20 ዓመት ነው ማለት ነው። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለችው ሕግ እንደ ሱቅና ቢሮ ላሉ የንግድ ሕንፃዎች በዓመት 10 በመቶ፣ ለሆቴልና ለፋብሪካ ሕንፃ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 50 በመቶ ትቀንሳለች። ሞያሌ አንድ ከተማ ናት፤ የሕንፃዋ ዕድሜ ግን በሁለት ሕግ ይቆጠራል።

በቁጥር እንየው። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ10 ሚሊዮን ብር መጋዘን ሠራ እንበል። በ5 በመቶ ሲሰላ በየዓመቱ 500,000 ብር ከገቢው ይቀነስለታል፤ ግብሩ 30 በመቶ ስለሆነ 150,000 ብር በእጁ ይቀራል። ቅናሹ 10 በመቶ ቢሆን ኖሮ በዓመት 300,000 ብር ይቀርለት ነበር። በመጨረሻ ድምሩ ያው 3 ሚሊዮን ነው። መንግሥት ግብሩን አይተውም፤ የሚቀበልበትን ጊዜ ያዘገያል እንጂ። ለነጋዴው ግን ይህ ወለድ የሌለው ብድር ማለት ነው።

ጊዜው ደግሞ ብዙ ይለውጣል። ቅናሹ የሚሰላው ሕንፃው በተሠራበት ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት መጋዘን የሠራ ሰው ዛሬም የሚቀነስለት በድሮው ብር ነው፤ ቆርቆሮና ብረት የሚገዛው ግን በአሁኑ ዋጋ ነው።

ታዲያ ለሁሉም ሕንፃ ይፋጠን አንልም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 የሕንፃን የእርጅና ዘመን ወደ 15 ዓመት ስታሳጥር ተከራይ ሳይታሰብ ለግብር ጥቅም ሲባል ብቻ የተሠሩ ሕንፃዎች በዙ። በ1986 ሕጉ ተገልብጦ ለመኖሪያ ሕንፃ 27.5፣ ለንግድ ሕንፃ 31.5 ዓመት ሆነ። እኛም ባዶ ፎቅ ገንብቶ መሬት የሚጠብቅን ሰው በግብር መደጎም አንፈልግም።

የምንጠይቀው ጠባብ ነገር ነው። በድንበር ከተሞች ለሚሠሩ የእህል መጋዘኖች፣ ማቀዝቀዣ ቤቶችና የጭነት ማራገፊያዎች የእርጅና ዘመኑ ወደ 10 ዓመት ይጠር። ቅናሹ የሚጀምረው ሕንፃው ሥራ ሲጀምር ይሁን። ባለቤቱ ቶሎ ሸጦ ከወጣ ቀድሞ የተቀነሰለት ተመልሶ ይታሰብበት።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። የእርጅና ቅናሽ የሚገኘው በሒሳብ መዝገብና በደረሰኝ ነው። ሲሚንቶውን ያለ ደረሰኝ የገዛ፣ ለግንበኛው ያለ ውል የከፈለ ነጋዴ 5 በመቶው ወደ 10 ቢያድግም ምንም አያገኝም። ስለዚህ ጥያቄውን በንግድ ምክር ቤቶቻችን በኩል ስናቀርብ ደረሰኛችንንም ከዛሬው እንያዝ።