ወዳጅን በሸንጎ ፊት ስለ መከራከር

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ዘመድ አያያዝ ስንጽፍ መቆየታችንን ውድ አንባቢያን ያስታውሳሉ። የዛሬው ነገራችን ግን የሌላውን ሰው ጥፋት በመቍጠር አይጀምርም፤ የራሳችንን በደል በመናገር ይጀምራል። ይኸውም ስለ አገር ጉዳይ ከወዳጅ ጋር በእጅ ስልክ እየተጻጻፉ ስለ መከራከር ነው።

እኛ የምንኖረው በዓለም ጤና ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ለሚጓዝ ሰው፣ ቆቃን ካለፈ በኋላ መቂ ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ የሚነገሩባት ስለ ሆነች፣ ሰዎች ስለ አገር ልዩ ልዩ ሐሳብ ቢይዙ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህች ከተማ አብረን ፊደል የቈጠርን፣ በየወሩም በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ አብረን የምንጠጣ ወዳጆች ነበርን። ኑሮ በታትኖን አንዱ ወደ አዳማ፣ አንዱ ወደ ባቱ፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌሎችም ባሕር ተሻግረው ወደ ሪያድና ወደ ዋሽንግተን ቢሄዱ፣ ጨርሶ እንዳንለያይ ብለን በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ከፈትን። በመጀመሪያው ጊዜ የሚጻፍበት ስለ ልደት፣ ስለ ሠርግ፣ ስለ ታመመና ስለ ሞተ ሰው፣ ለተቸገረም ስለሚዋጣ ገንዘብ ነበር።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲቃረብ፣ በሰሜንም ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ ግሩፑ መልኩን ለወጠ። የልደቱና የሠርጉ ወሬ እያነሰ የፖለቲካው ነገር በዛ። አንድ ሌሊት በአዳማ የሚኖረው ወዳጃችን የጻፈውን አንብበን ተቈጣን። ነገሩ ምን እንደ ነበረ እዚህ አንደግመውም፤ መድገሙ ክርክሩን እንደ ገና ማስነሣት ይሆናልና። እርሱ አንድ ቢመልስ እኛ ሁለት መለስን። በመጨረሻም ስለ ሐሳቡ መናገራችንን ትተን ስለ እርሱ መናገር ጀመርን፤ በልጅነቱ የደረሰበትንና ለእኛ ብቻ በምስጢር የነገረንን አንድ ድካሙን አንሥተን፣ ከ40 የሚበልጥ ሰው በሚያየው ስፍራ ጻፍነው። እርሱ ምንም ሳይመልስ ዝም አለ። እኛም በማግሥቱ «ከእንግዲህስ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ላይ አንውልም» ብለን ከግሩፑ ወጣን፤ ጥፋተኛው የቀረ ይመስል።

ከስምንት ወር በኋላ የወዳጃችን አባት በአዳማ ዐረፉ። እኒህ አረጋዊ ወደ ልጃቸው ቤት ከመሄዳቸው በፊት በዓለም ጤና የማኅበራችን ሙሴ የነበሩ፣ እኛንም እንደ ልጃቸው ያዩን የነበሩ ሰው ናቸው። መርዶው የተነገረው በዚያው ግሩፕ ነበር፤ እኛ ግን በዚያ አልነበርንም። እያንዳንዱም ሌላው ይነግራቸዋል ብሎ ስላሰበ የደወለልን አልተገኘም። ጠዋት ሄደው ለማታ በሚመለሱበት አገር የተደረገ ቀብር አመለጠን፤ ሠልስቱም አለፈ። መሞታቸውን የሰማነው በዘጠነኛው ቀን ገበያ ላይ ነው።

በማግሥቱ ማልደን ወደ አዳማ ሄድን። በመንገድ ሳለን «ፊቱን ቢያዞርብንስ» እያልን እንጨነቅ ነበር። ወዳጃችን ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ዐቀፈን፤ አብረንም አለቀስን። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ይቅርታ ብንለምነው እንዲህ አለን፦

«ወንድሜ፣ ሐሳቤን ስለ ተቃወምህ አልተቀየምሁም፤ ድሮም ቢሆን ተስማምተን አናውቅም። የጎዳኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ልጄ ስልኩን ለአባባ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹ይህ ልጅ ቤታችንን ያውቀው የለም ወይ? ለምን መጥቶ አይነግርህም?› አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ትመጣለህ ብለው ይጠብቁህ ነበር።»

ውድ አንባቢያን ሆይ፤ ለአረጋዊው ጥያቄ በጊዜው መልስ አልሰጠንም፤ ዛሬ ብንሰጥም እርሳቸው አይሰሙትም። ቢሆንም ጥያቄው የእኛ ብቻ ስላልሆነ፣ ለምን እንዳልሄድን መርምረን ያገኘነውን ለእናንተ እንጽፋለን።

ያልሄድነው መንገዱ ርቆብን ወይም ጊዜ አጥተን አይደለም። ወዳጃችንን ማሳመን የእውነት ፈቃዳችን ስላልነበረ ነው። ሰው ከወዳጁ ጋር ለብቻው ሲነጋገር ፊቱን ያያል፤ ድምፁ ሲሻክርና ሲለሰልስ ይሰማል፤ የተሳሳተ እንደ ሆነም «እውነትህን ነው» ብሎ ለመመለስ አያፍርም። ከ40 ሰው ፊት ግን መመለስ መሸነፍ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የጻፍነው ለእርሱ አልነበረም፤ እርሱን በስሙ እየጠራን የጻፍነው ለተመልካቹ ነበር። እርሱም ይህን ስላወቀ ለተመልካቹ መለሰ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ወዳጆች ሌሊቱን ሙሉ ተጻጽፈው እርስ በርሳቸው አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ነጋ።

አባቶቻችን ክርክርን ይሸሹ ነበር የሚል ቢኖር አይመነው። በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው በአንደበት ይፋለሙ ነበር፤ ሕዝቡም ዙሪያውን ከብቦ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ያ ሸንጎ ዳኛ ነበረው፤ ተራ ነበረው፤ ዋስ ይጠራበት ነበር፤ ፍርድ ሲሰጥም ነገሩ ያልቅ ነበር። ይልቁንም ባለጋራዎቹ በቍራኛ፣ ማለት የልብሳቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ፣ ወደ ዳኛ አብረው የሚሄዱበት ልማድ ነበር። የቱንም ያህል ቢጣሉ እስከ ፍርዱ ድረስ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ መሄድ አይችልም። በስልክ የሚቆመው ሸንጎ ግን ተመልካች እንጂ ዳኛ የለውም። በቴሌግራም አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ይብቃችሁ» ብሎ ሁለቱን የሚያስቀምጥ ሽማግሌ ማግኘት ግን ከባድ ነው። መለያየቱም በአንድ ጣት የሚፈጸም ነው፤ እኛም እንዲሁ አደረግን።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የሠራልን ሥርዐት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጥ ነው። የበደለንን ወንድም አስቀድመን ለብቻው እንድንነግረው፣ ካልሰማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንድንሄድ፣ ወደ ጉባኤ የምናቀርበው ግን በመጨረሻ እንደ ሆነ ያስተምረናል። ወንጌሉ በቤታችን አለ፤ ምዕራፉም ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ሆኖም የመጨረሻውን መጀመሪያ አድርገን፣ የመጀመሪያውን ጨርሰን ተውነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። ወደ ግሩፓችን እየተቀዳ ይመጣ የነበረው ጽሑፍ አብዛኛው ከፌስቡክ የተወሰደ ነበር። ከዚህ ድርጅት የወጡ የውስጥ ሰነዶች በ2021 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲገለጡ እንደ ታወቀው፣ ድርጅቱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ፣ አንባቢ የሚጫነውን የቍጣ ምልክት የአንድን ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ከዚህም የተነሣ ሰውን የሚያስቈጣው ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታይ ዘንድ ወደ ፊት ይገፋ ነበር። ይህ አቈጣጠር በኋላ ተለውጧል። ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር፣ እንዲህ ያለው አሠራር በጎሣ መካከል ያለውን ጠብ ያባብስባቸዋል ካለቻቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። እንግዲህ እኛ «ወዳጃችን ምን ነካው?» ስንል፣ እርሱም ስለ እኛ ያንኑ ሲል፣ በሁለታችንም እጅ የነበረው ጽሑፍ ከመጀመሪያውም ቍጣ የመረጠው ነበር ማለት ነው። ይህን የምንናገረው በደላችንን በሌላ ለማላከክ አይደለም። እሳቱን ያነደደ ሌላ ቢሆንም በወዳጃችን ቤት ላይ የጣልነው እኛ ነን።

ይህ የሁለት ሰዎች ጠብ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምንኖር ሁሉ ክፉ ቃል ወዴት እንደሚያደርስ አይተናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ በሻሸመኔና በሌሎችም ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤትና ንብረት ተቃጠለ፤ ኢንተርኔትም በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185 የጥላቻ ንግግር የሚያሠራጨውን ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም ከ100,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ እንዲቀጣ ደንግጓል። በ2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ላይ በደረሰው ፈተና ጊዜም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ድረስ እንዳይከፈቱ ታግደው ነበር፤ ብዙ ሰው ግን በቪፒኤን እየገባ ክርክሩን ቀጥሏል። ሕግ የሚቀጣው የታወቀውን ወንጀል ነው። እኛ በወዳጃችን ላይ የጻፍነውን ቃል የሚከስ ዐቃቤ ሕግ የለም፤ የሚዘጋ መሥመርም የለም።

ታዲያ ስለ አገር ጉዳይ ዝም እንበልን? እንዲህ አንልም። ስለ አገሩ የማይገደው ሰው ስለ ጎረቤቱም አይገደውም። ደግሞም ዝምታ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም፤ ቂም የሚታቈረው ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው። እኛ የምንለው ስለ ስፍራውና ስለ ተራው ነው። ስለዚህ ከደረሰብን ነገር የተማርነውን ለቤተ ሰቦቻችን እንዲህ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ወዳጅ የጻፈው ነገር ያስቈጣን እንደ ሆነ በዚያው በሰው ፊት አንመልስለት። ቅርብ ከሆነ ወደ ቤቱ እንሂድ፤ ሩቅ ከሆነ ደውለን ድምፁን እንስማ። መሄድም መደወልም የማያስፈልገው ነገር ከሆነ፣ መልስም የማያስፈልገው ነው።

ሁለተኛ፤ በሌሊት የጻፍነውን በሌሊት አንላክ። ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም እንላለን፤ የተጻፈው ግን ከዚህ ይብሳል፤ ሰው ሁሉ በየስልኩ ቀድቶ ያስቀምጠዋልና።

ሦስተኛ፤ ከመላካችን በፊት የዚያን ሰው አባትና እናት፣ ልጆቹንም ከፊታችን እንደ ተቀመጡ አድርገን እናስባቸው። ልናነብላቸው የምንደፍረው ነው? ያነቡት ይሆናልና። የራሳችን ልጆችም ያነቡታል፤ ወዳጅ እንዴት እንደሚያዝ የሚማሩት እኛ ከምንመክራቸው ይልቅ እኛ ከምንጽፈው ነው።

አራተኛ፤ የማኅበርና የዕድር ግሩፕ ለተቋቋመበት ነገር ይጠበቅ። መርዶ የሚነገርበት ስፍራ ሰው በቍጣ የሚወጣበት ስፍራ መሆን የለበትም። የወጣ ሰው ካለ ደግሞ፣ ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም፣ ኀዘን ሲመጣ አንድ ሰው ይደውልለት።

በአርባው ቀን ለጸሎቱ ወደ አዳማ ተመልሰን ነበር። ከምሳ በኋላ ሰው ሲቀል ወዳጃችን ራሱ ያንኑ የጥንቱን ነገር አነሣው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ተከራከርን። እርሱ ከሐሳቡ አልተመለሰም፤ እኛም በሁለት ነገር ብቻ እውነትህን ነው ብለን በቀረው አልተስማማንም። ድምፃችን ከፍ ባለ ጊዜ ልጁ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን፤ አባቷ ሲሥቅ ብታይ ተመለሰች። ሲመሽ እስከ መናኸሪያው ድረስ በእግሩ ሸኘን፤ መኪናው እስኪነሣም ቆሞ ጠበቀ። አባቱ ያሉት ይህን ነበር።