ርዕሰ አንቀጽ፦ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ የጨዋታ ቦታ ይሁን



እንደሚታወቀው ሁሉ የአቀስታ ግንብና አጥር የተሠራው ከዚሁ ከመሬታችን ተፈልጦ በወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቤት ሆነ፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ። ከሰፈራችን በላይ ያለው ጉድጓድ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ በግ የሚጠብቁ ልጆቻችንም አፋፉ ላይ ይሯሯጣሉ። አንዱ ቢገባበት ማን ሊጠየቅ ነው?

የ2002 ዓ.ም. የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ትልልቅ ባለፈቃዶች የጎዱትን መሬት መልሰው የሚያለሙበት ገንዘብ እንዲመድቡ ያዝዛል፤ በእጁ የሚቆፍረውን ባህላዊ አምራች ግን በዚህ አያስገድደውም። ከበሽሎ ማዶ በደላንታ በ2016 ዓ.ም. የኦፓል ዋሻ ተንዶ ወጣቶች ውስጡ መታፈናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። እንግዲህ የእኛን ጉድጓድ ከእኛ በቀር የሚያስበው የለም።

አንዳንዶች ተደፍኖ ለቤት ቦታ ይታደል ይላሉ። በቆሻሻና በልል አፈር የተሞላ መሬት ግን ግንብ አይችልም፤ ይሰነጥቀዋል። ስዊድኖች በራትቪክ አጠገብ የኖራ ድንጋይ ያወጡበትን ትልቅ ጉድጓድ አልደፈኑትም። ዳልሃላ ብለው እ.ኤ.አ. በ1995 የሙዚቃ ቦታ አደረጉት፤ ገደሉ ድምፅ ይመልሳልና። በኬንያም ሞምባሳ አጠገብ ለሲሚንቶ የተቆፈረ መሬት እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ዛፍ ተተክሎበት መናፈሻ ሆኗል።

እኛስ ምን አጣን? አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። መንዙማው አለ፣ የሠርጉ ዘፈን አለ፣ የእረኛው ዋሽንት አለ። ድንጋይ ሲወጣ የቀረው እርከን መቀመጫ ይሆናል፤ ለተጫዋቾቹ መጠለያ የሚሆነውም ግንቡ በራሳችን ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ በጓሳ ይሠራ። ሲሚንቶው ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋውንም ታውቃላችሁ። ደግሞ በቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲጥል ማሲንቆ አይሰማም እኮ! (ድምፅ ማጉያ እንከራይ የሚል እንዳይመጣብኝ።) ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ሳይሆን ጽድና ኮሶ እንትከል። ሰው ለጨዋታ በሚሰበሰብበት ቦታ ቆሻሻ የሚደፋ አይደፍርም፤ ከመግቢያ የሚገኘውም ሳንቲም አጥሩን ያስጠግናል።

ዘፈኑ ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ አጥሩ ይታጠር፣ አፋፉ ይናድና ይለዝብ፣ ውሃው መውረጃ ይበጅለት። ለዚህ የመጀመሪያው ደቦ የፊታችን እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስለሆነ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። እስከዚያው ልጆቻችሁን ከአፋፉ አርቁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ