ከሰሉን ማን አስገባው?

በየክረምቱ አንድ ዓይነት ዜና እንሰማለን። ተከራዮች ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኙ፤ ሲነጋ በራቸው ቢንኳኳ መልስ የለም። ዜናው የሚዘጋውም ሁልጊዜ በአንድ ምክር ነው፦ «ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ እንዲያደርግ…»። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ይህ ኅብረተሰብ የሚባለው ማነው? አከራዩን አይጨምርም?

አዲስ አበባ ውስጥ በደላላ ቤት የፈለገ ወጣት ሁሉ የኪራይን ሕግጋት በቃሉ ያውቃቸዋል። እንግዳ አይበዛም። ልብስ በየቀኑ አይታጠብም። የግቢው በር በጊዜ ይቆለፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ስቶቭ ክልክል ነው!» ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ አምስት ነዋ! እሺ፣ ወጡ በምን ይሠራ? በከሰል። የት ይሠራ? ማዕድ ቤት የለም፣ ግቢው ውስጥ ዝናብ ነው። ስለዚህ የምንተኛባት፣ የምናነብባት፣ እንግዳ የምንቀበልባት ሦስት በሦስት ክፍል ማዕድ ቤትም ትሆናለች። ስቶቩን ያስወጣው ክልከላ ከሰሉን አስገባ ማለት ነው።

ሰፈር ውስጥ አንድ ማጽናኛ አለ፦ «ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ ምንም አያደርግም።» ያደርጋል እንጂ! የሚገድለው የምናየው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ከቀላው ፍምም፣ አመድ ከለበሰውም ይወጣል። ውጪ አቀጣጥሎ ማስገባትም አያድንም። ይህ ጋዝ ከቀይ የደም ሴላችን ጋር ለመጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ኃይል አለው፤ ስለዚህ ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይነጥቀዋል። ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ ጉልበቱ ሲከዳው ይጠረጥር ይሆናል። የተኛው ግን እንደተኛ ይቀራል።

ጋዙ ባይገድል እሳቱ አለ። መስኮቱ ላይ ለሌባ ተብሎ የተበየደው ፍርግርግ ከውስጥ አይከፈትም። ክፍልን ከክፍል የሚለየው ኮምፔልሳቶ ነው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ አምስቱም ክፍል አንድ ነው። የአንዱ ፍም የሌላውን አየር ይመርዛል፤ የአንዱ እሳት የሁሉም ይሆናል። የኤሌክትሪክ ገመዱ በፕላስተር ተቀጣጥሎ፣ የተቃጠለው ፊውዝ በተራ ሽቦ ተተክቶ ይሠራል። የግቢው ቁልፍስ? አከራይዋ ትራስ ሥር!

«አከራዮቹም እኮ ድሆች ናቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው። በኪራይ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ስንት እናቶች አሉ። ግን ቪላ ይሠራልን አላልንም። ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለ የጋራ ማብሰያ፣ ከውስጥ የሚከፈት ፍርግርግ፣ ትክክለኛ ፊውዝ፣ ለእያንዳንዱ ተከራይ አንድ የግቢ ቁልፍ። ኪራይ ለመጨመር ገበያውን የሚያውቅ አከራይ የቆርቆሮ ዋጋ አይጠፋውም።

መንግሥትም ቢሆን «ይህ የግል ጉዳይ ነው» ማለት አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አይነስ ብሏል። ሸጋ ነው። እንግዲያው ውሉ ለመመዝገብ ሲመጣ ሁለት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ ምግብ የሚበስለው የት ነው? ሌሊት እሳት ቢነሳ በየት ይወጣል? በእንግሊዝ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል አከራይ በየፎቁ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ ከሰል ወይም እንጨት በሚነድበት ክፍል ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲገጥም ሕግ ያስገድደዋል። እኛ የጠየቅነው ገና ቁልፍና ቆርቆሮ ነው!

እስከዚያው እርስ በርሳችን እንጠባበቅ። ከሰል ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር፤ ለብርዱ ሌላ ብርድ ልብስ ይደረብ። ከሰል ባለበት ክፍል ራሱን ያመመው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ 939 ደውሉ። ቤት ስታዩም «ውኃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?» ከማለታችሁ በፊት «ቁልፉ ማን ጋ ያድራል?» በሉ።

ዜና አንባቢዎችም አደራ። በሚቀጥለው ክረምት «ኅብረተሰቡ ይጠንቀቅ» ስትሉ «አከራዮችም» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩልን።