«እንገናኛለን» ብለን የተለያየን

ከኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ከተማ ወደ ሺፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኤደ ይሄድና ከዚያ ባቡር ይይዛል። በ2015 ክረምት (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) እዚያ ጣቢያ ሰው ለመሸኘት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላስታውስም። የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርታችንን ሁላችንም በአንድ ቀን ስላልጨረስን ስንብቱም ተንጠባጥቦ ነው የመጣው። ዛሬ አንዷ ጽሑፏን አቅርባ ትሄዳለች፣ ከአራት ቀን በኋላ ሌላው ይከተላል። ተሰናባቹ ብስክሌቱን ለአዲስ ገቢ ተማሪ ይሸጣል፣ ድስቱንና ብርድ ልብሱን ለሚቀረው ያወርሳል። ከዚያ ጣቢያው ላይ ሁላችንም ያችኑ አንድ ቃል እንላለን፤ «እንገናኛለን»።

ያቺ ቃል ውሸት ነበረች። ክፋት የለባትም፤ እንባ ለመዋጥ የምትባል ናት። እኛ ሐበሾች ደግሞ በሽኝት የሚያህለን የለም፤ አንድ ሰው ለመሸኘት ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሆነን ቦሌ የምንወርድ ሕዝብ ነን። ሽኝትና ስንብት ግን ለእኔ ይለያያሉ። ሽኝት ሻንጣ ተሸክሞ እስከ በር መሄድ ነው። ስንብት ፊት ለፊት ቆሞ «አንተ ለእኔ ይኼ ነበርክ፣ ከእንግዲህ ደግሞ በዚህ መንገድ አገኝሃለሁ» መባባልን ይጠይቃል። ይህን ያደረገ ሰው ከመካከላችን አንድ ብቻ ነበር፤ ኮሎምቢያዊው። ጣቢያው ላይ አቅፎኝ፣ «ምናልባት በሕይወታችን ደግመን ላንተያይ እንችላለን፤ ስለዚህ እኔ እደውላለሁ፣ አንተ አንሳ» አለኝ። በጊዜው ቅር አለኝ። እናቴ ብትሰማው ኖሮ «ሟርተኛ!» ብላ ታባርረው ነበር።

ዛሬም የሚደውለው ግን እሱ ነው። «እንገናኛለን» ብለውኝ ከሄዱት ውስጥ በየትኛው አገር እንዳሉ እንኳ የማላውቃቸው ብዙ ናቸው። ለምን ቢባል፣ እንገናኛለን ብሎ ያመነ ሰው ለመደወል አይቸኩልም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይላል፣ ነገ ካልሆነ ስንገናኝ እናወራዋለን ይላል፤ በዚህ ላይ አምስት ዓመት ያልፋል። ኮሎምቢያዊው ላንገናኝ እንደምንችል ከመጀመሪያው ስለተቀበለ ስልኩን ሥራዬ ብሎ ያዘው።

ለመሆኑ ከሌላ አገር የመጣ ሰው እንዴት ነው ወዳጅ የሚሆነው? በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሁለት ሰዎች የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንዳለባቸው ገምቷል። ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛ ያንን ሁሉ ሰዓት የጨረስነው በጋራ ወጥ ቤታችን ሽንኩርት ስንከትፍ፣ «ማን ነው ድስቴን ያሳረረው?» እየተባባልን ስንጨቃጨቅ ነው። አንድ ምድጃ የተጋሩ ሰዎች ቋንቋቸው ባይገናኝም ይግባባሉ።

የ2015 ኤፕሪል ግን በሰዓት የሚቆጠር አይደለም። ኤፕሪል 19 ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ሊቢያ ውስጥ አይ ኤስ ወገኖቻችንን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ የወጣው ያን ዕለት ነው፤ ዝርዝሩን አንባቢ አይረሳውም። ክፍሌን ዘግቼ ዋልኩ። ማታ ኔፓላዊቷ ጎረቤቴ አንኳኳች። ምንም አልጠየቀችኝም። ሩዝና ምስር በሳህን ይዛ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምስሩ ትዝ ይለኛል፤ የእኛ ወጥ ሆኖ በርበሬ የተረሳበት ይመስል ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የእሷ አገር ተንቀጠቀጠ። 7.8 የተለካው ያ ርዕደ መሬት ወደ 9 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ስልክ አይገባም። እስከ ማታ ድረስ ያንኑ የወላጆቿን ቁጥር ስትደውል፣ ስትደውል፣ እኔ በተራዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቡና አፈላሁ፤ ማንም አልጠጣውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ወጥ ቤት ውስጥ የነበርን ሁሉ ቋንቋውን ሳንሰማ አለቀስን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ ላንሳ። በርካታ የአገራችን የግብርና ተመራማሪዎች የተማሩት እዚያች ትንሽ ከተማ ነውና ዋኽኒንገን ላይ ሐበሻ አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን እንበላለን፣ እሑድ እንደገና እንሰበሰባለን። ደስ ይላል፣ ናፍቆት ያስታግሳል፣ በባዕድ ቋንቋ ሲታሽ የዋለ አእምሮም ያርፋል። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ሐበሻ ያልሆነ ሰው ክፍል ገብተው ሳይበሉ ዲግሪያቸውን ይዘው የተመለሱ አውቃለሁ። እኔም ያቺ ሴት ባታንኳኳ ኖሮ ከእነሱ አንዱ እሆን ነበር። ውጭ አገር ተማርን እንላለን፤ አንዳንዶቻችን እኮ የተማርነው ከአራት ኪሎ ሰዎች ጋር ነው፣ ሕንጻው ብቻ ነው የተቀየረው።

ወዳጅነቱ ከተገኘ በኋላ የሚገድለው ደግሞ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ርቀት ብቻ አይደለም፤ ኀፍረት ነው። አገር ቤት ተመልሼ መምህር ሳለሁ፣ በ2017 ባንግላዴሻዊው ጓደኛዬ ለሠርጉ ዳካ ጠራኝ። ያ ሰው ለፈተና አብረን ያደርን፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብል የሚያፈላልኝ ነው። የትኬቱ ዋጋ የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ አሰላሁና ስልኬን አስቀመጥኩ። ብሩ ቢገኝስ ዶላሩ ከየት ይመጣል? «ወንድሜ፣ አቅም የለኝም» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። አልጻፍኩም። ነገ መልካም ሰበብ አግኝቼ እጽፋለሁ አልኩ። ሠርጉ አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ ዝም ማለቴ ራሱ ሌላ ኀፍረት ሆነብኝ፤ የመጀመሪያውን ይቅርታ ለመጠየቅ ለሁለተኛው ይቅርታ ያስፈልጋል። እንደዚህ እንደዚህ እያለ አራት ዓመት ሄደ። ይሉኝታ አገር ቤት ሰውን ከሰው ያስተሳስራል፤ ባሕር ማዶ ላለ ወዳጅ ግን የሚደርሰው ዝምታ ሆኖ ነው። «ረሳኝ» ነው የሚለው ሰውየው። ምን ይበል ታዲያ?

የእኔው ቀላሉ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው የቀረ፣ ወረቀቱ ያልተስተካከለለት፣ ቁጥሩን ቀይሮ ከክፍል ጓደኞቹ ሁሉ የተሰወረ ልጅ አውቃለሁ። በማስተርስ ዲግሪ ታክሲ የሚነዳ፣ የቀድሞ ጓደኛውን በመንገድ ሲያይ አንገቱን የሚደፋም አውቃለሁ። በወዲያኛው በኩል፣ አገር ቤት ገብቶ ብሩ በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዙን በዶላር ማስላት የተወ አለ። ሁሉም የሚያስቡት አንድ ነው፦ «ደህና ስሆን እደውላለሁ»። ኔፓላዊቷን አንድ ቀን ስለዚህ ነገር ስነግራት ተገረመች። «አገሬ በፈረሰ ቀን አብረኸኝ ወለል ላይ የተቀመጥከው ደህና ስለሆንኩ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እሷ ራሷ ዝም አላለችም። በጁን 2020 መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ አዲስ አበባ ነበርኩ። ዋትስአፕ ሞተ፣ ቴሌግራም ሞተ። በአምስተኛው ወይ በስድስተኛው ቀን መደበኛው ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ ረጅም ነው። «ደህና ነህ? ይህን ብቻ ንገረኝ፣ ሒሳቡ እየበላኝ ነው» አለችኝ። አርባ ሰከንድ ብናወራ ነው። ቁጥሬን ያገኘችው በ2015 ወረቀት ላይ ጽፌ ከሰጠኋት ነበር። አንባቢዬ ተማሪ ከሆንክ ይህን ልብ በል፤ ከመለያየታችሁ በፊት መደበኛ የስልክ ቁጥር፣ ቢቻል የእናት ወይ የእኅት ቁጥር ጭምር፣ በወረቀት ተለዋወጡ። የእኛን አገር ኢንተርኔት አምኖ ሁሉን በአንድ መተግበሪያ ላይ ማስቀመጥ አያዋጣም። ግሩፕ የሚሉትም ነገር ብዙ አይታመንም። የእኛው ግሩፕ በመጀመሪያው ወር በቀን መቶ መልእክት ይገባበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት የቀረው የልደት ኬክ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሰው የማይመጣበት እድር ሆነ። ከአንድ ሺሕ «ላይክ» የአሥር ደቂቃ ድምፅ ይሻለኛል።

ቦሌንም እንደ ዋዛ አንየው። የአየር መንገዳችን መረብ ሰፊ ነውና የጓደኞቻችን አውሮፕላን ብዙ ጊዜ በላያችን ያልፋል። ዛምቢያዊው ጓደኛችን በ2019 መጀመሪያ ወደ ሉሳካ ሲመለስ ሆን ብሎ አዲስ አበባ ላይ የሚያሳድረውን ትኬት ቆረጠ። መንግሥት ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ለአፍሪካውያን ሁሉ በደረሱበት ቪዛ መስጠት ጀምሮ ስለነበር ፓስፖርቱን አስመታና ወጣ። ቤት ወሰድኩት። እናቴ ሹካ ልታመጣ ስትነሳ እሱ እጁን ታጥቦ፣ እንጀራውን ቆርሶ፣ ጠቅልሎ ጎረሰ። እነሱ ንሺማቸውን የሚበሉት በእጅ መሆኑን እናቴ ከየት ታውቃለች! «ይሄማ የእኛው ነው» ብላ አጎረሰችው፤ ሦስት ጊዜ። ሁለቱ የሚግባቡበት አንድም ቋንቋ የለም። እስከ ዛሬ ድረስ ስትደውልልኝ ከልጅ ልጆቿ ቀጥላ «ያ ልጅስ? አገባ?» ትላለች።

ሌላው መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ይህን ደግሞ «ዓለም መንደር ሆናለች» እያሉ ለሚያስጎመዡን መንገር ያስፈልጋል። አሁን የምኖረው ጀርመን ነው። አሥረኛ ዓመታችንን ዋኽኒንገን ላይ እናክብር ብለን ተነጋገርን። ኮሎምቢያዊው ችግር የለበትም፤ አገሩ ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ለአጭር ጉብኝት የሼንገን ቪዛ አያስፈልጋትም። ዛምቢያዊውና ኔፓላዊቷ ግን ማመልከት አለባቸው፤ 90 ዩሮ ከፍለው፣ የባንክ ደብተር አቅርበው፣ እንደሚመለሱ አሳምነው። ቢከለከሉ 90 ዩሮዋ አትመለስም። አዲስ አበባ ያለችው አብራን የተማረችው እኅታችን ደግሞ ባሰባት። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት፣ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን በመመለስ በኩል በበቂ አልተባበረም ብሎ፣ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ተመላልሶ የሚያስገባውም ቪዛ ተከልክሏል። መንግሥታቱ ስላልተስማሙ የምትቀጣው ሁለት ዓመት እዚያ ተምራ፣ ቀኗ ሲደርስ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ የገባች ሴት ናት። ሌላ ጊዜ ነፃ የትምህርት ዕድል ሲሰጡን «የዓለም አቀፍ ወዳጅነት ድልድይ» ይሉናል፤ ድልድዩ አንዴ ከተሻገሩበት ወዲያ በር አለው።

ስለዚህ አሥረኛ ዓመታችንን ዋኽኒንገን አላከበርንም። ናይሮቢ ይሁን የሚል ሐሳብ አለ፤ ኬንያ በጃንዋሪ 2024 ቪዛ አስቀርታ አስቀድሞ በኢንተርኔት በሚገኝ የጉዞ ፈቃድ ማስገባት ጀምራ ነበር። ኮሎምቢያዊው ርቀቱን ሲያየው ያጉረመርማል። ልክ ነው፤ እስከ ዛሬ እኛ ስናጉረመርም ኖረናል፣ ተራ ይድረሰው።

እስከዚያው የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የእኛ ነው። ቀጠሮውን ለማስተካከል ያየነውን አሳር! የኔፓል ሰዓት ከዓለም ተለይቶ አርባ አምስት ደቂቃ የምትባል ነገር አለችው፤ አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ «በአሥር ሰዓት» ስትል በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ በየወሩ እንጠይቃታለን። ቦጎታ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮሎምቢያዊው ዓይኑን እያሸ ሲመጣ፣ ካትማንዱ እየመሸ ነው። ሽንኩርት እየከተፍን ነው የምናወራው፤ ሁላችንም ስልኩን ምድጃው አጠገብ እናቆመዋለን። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁም ነገር አይወራም።

ባንግላዴሻዊው የለም። በ2021 ረጅም ይቅርታ ጻፍኩለት፤ የደመወዜን ነገር፣ የትኬቱን ነገር፣ ሁሉንም። ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች በዚያው ቀን መጡ። መልስ አልመጣም። አልፈርድበትም። ድሮ ለዕንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ስልክለት፣ «በሴፕቴምበር አዲስ ዓመት? ያውም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ለመጪው ዕንቁጣጣሽ ጽሑፉን ትቼ እደውልለታለሁ። ቁጥሩን ቀይሮት እንደሆነም ያን ጊዜ አውቃለሁ።