የጥርስ ህመም ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ጥርስዎን አሞዎት ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ያውቃሉ? ሲነጋ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይታወቃል። ቅርንፉድ ወይም ነጭ ሽንኩርት እንነክሳለን፤ አልሆን ሲል ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን እንገዛለን። በሁለትና በሦስት ቀን ህመሙ ይበርዳል፤ ጥርሱም ይረሳል።

የጥርስ ውስጡ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ሥጋ ነው። ጥርሱ ተቦርቡሮ ተህዋስ ከገባበት ይህ ሥጋ ይሞታል። የምንውጠው መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ሥጋ ደግሞ ደም አያገኝም። እንክብሉ በዙሪያው ያለውን እብጠት ቢያረግብም በሥሩ ቦይ የተደበቀውን ተህዋስ አያጠፋም። እንዲያውም ነርቩ ሲሞት ህመሙ ያለ መድኃኒትም ሊጠፋ ይችላል፤ መግሉ ግን በሥሩ ጫፍ አጥንቱን መጉዳቱን ይቀጥላል።

መፍትሔው ወይ በተለምዶ ሩት ካናል የሚባለው የሥሩን ቦይ አጽድቶ መድፈን ነው፤ ወይ መንቀል። ሩት ካናል ጥርሱን ያተርፋል፤ ነገር ግን ኤክስሬይ፣ ልዩ መሣሪያና ብዙ ጊዜ ምልልስ ይጠይቃል። ይህ ለብቸና ነዋሪ እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ለሞጣ ነዋሪ እስከ ባሕር ዳር መጓዝ ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል። ጊዜያዊ መድፈኛው ከወለቀ የጸዳው ቦይ እንደገና ይበከላል። ስለዚህ መመላለስ ለማይችል ሰው፣ ጥርስ ማጣት ቢያሳዝንም፣ በቅርብ ማስነቀል የተሻለ ይመስለኛል።

“ያበጠ ጥርስ አይነቀልም” ሲባል ሰምተው ይሆናል። ይህን የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ብዙ ጊዜ እብጠት እያለም ይነቀላል። ማደንዘዣው አልይዝ ካለ መግሉን አፍስሶ ሊቀጥርዎት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን ገደማ ሰው የአፍ ውስጥ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። ይህ ሁሉ ሰው በእንክብል ብቻ ቢያስታግስ ተህዋሱ መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ ነገ ልጅዎ የሳንባ ምች ሲይዘው ያው አሞክሳሲሊን ላይሠራ ይችላል። ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ ሲስፋፋ ግን ሐኪሙ ራሱ ያዝልዎታል።

እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወርዶ መዋጥ፣ አፍ መክፈት ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ብቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው። ያን ጊዜ የሚያሰጋው የአየር ቧንቧው መዘጋት ነው።