«ባሕር የሌለው አገር መርከበኛ» እያላችሁ ለምትስቁ (እኔም ስቄአለሁ)

 ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የቀይ ባሕር ክርክር ተነሣ። እንደተለመደው ሁሉም ጄኔራል ሆነ። እኔ ደግሞ «ለመሆኑ የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ከኋላዋ የየትኛው ወደብ ስም ይጻፍባታል?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ጅቡቲ አለ፣ አንዱ አሰብ። ሌላው «መርከብ አለን እንዴ?» አለ። መልሱ አዲስ አበባ ነው! ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ የመርከብ መመዝገቢያ ናት።

ይህን የነገሩኝ እዚሁ ቱላ ቡና የምንጠጣበት ቤት የሚመጡ፣ ጡረታ የወጡ የንግድ መርከብ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር በስልክ እየተደዋወሉ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ይፈታተናሉ። ይህን ስናገር አንድ ባልደረባዬ «የሽማግሌ ጨዋታ ይዞ መጣ» ብሎ አሾፈብኝ።

እሺ፣ ጨዋታ ይሁን። ግን ጨዋታው ምን እንደሚል ስሙ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም ነው። በንጉሡ ዘመን «የይሁዳ አንበሳ» እና «ንግሥተ ሳባ» የሚባሉ መርከቦች ነበሩት። በደርግ ጊዜ «ነበልባል»፣ «አብዮት»፣ «ነፃነት» መጡ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «ጊቤ»፣ «ሸበሌ»፣ «መቀሌ»፣ «ጅግጅጋ»፣ «አሶሳ»። ሦስት መንግሥት፣ ሦስት ዓይነት ስም። እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለፍልፌ የማላስረዳውን እኚህ ሰው አንድ ሲኒ ቡና ሳይጨርሱ አስረዱኝ። ይህ ወሬ ከሆነ እኛ የምናስተምረው ምንድን ነው?

«ሽማግሌዎች ይሳሳታሉ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ዓመተ ምሕረት ያምታታሉ። ግን ጋሼ ሲሳሳቱ ጓደኛቸው በስልኩ ውስጥ ጮኾ ያርማቸዋል። እኛ መምህራንን ማን ያርመናል?

ምክንያቱም የተሳሳትነው እኛ ነን። ክፍል ውስጥ 1985 ዓ.ም ላይ ስንደርስ «ኤርትራ ተለየች፣ ባሕር በር አጣን» ብለን ምዕራፉን እንዘጋለን። ባሕር ኃይሉ ፈረሰ፣ እውነት ነው። የንግድ መርከቦቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ባሕር በር የሌለው አገር በራሱ ሰንደቅ ዓላማ መርከብ የማሰማራት መብት እንዳለው በባርሴሎና ስምምነት የታወቀው እኮ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ተቀምጣ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የንግድ መርከቦች ነበሯት፣ መመዝገቢያቸውም ባዝል። በስዊስ ማን ይስቃል?

አሁን የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መርከብ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» አለኝ። «የት? ፍቅር ሐይቅ ላይ?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ቀልዴ ስለሠመረ ደስ አለኝ። ያኔ ቢሾፍቱ ላይ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ የባቦጋያ ማሪታይም አካዳሚ እንደሱ ያሉ ልጆችን ለውጭ አገር መርከቦች የሚሆኑ መሐንዲሶች አድርጎ ያሠለጥን ነበር። ከቻይና ከተገዙት 9 መርከቦች አንዷ፣ ነዳጅ ጫኟ፣ ስሟ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ሐዋሳ»። የከተማችን ስም ባሕር ላይ ወጥቶ፣ እኔ የከተማውን ልጅ በሐይቁ እቀልድበታለሁ።

የማላውቀውን አላስተማርኩም ማለት አልችልም፤ «አይቻልም» ብዬ አስተምሬአለሁ። ቀይ ባሕር ቀይ ባሕር የምትሉም፣ ያንን ባሕር በሥራ የሚያውቁት ሰዎች አጠገባችሁ ቡና እየጠጡ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችኋቸዋል?

ያ ተማሪዬ አሁን እዚሁ ቱላ ባጃጅ ይነዳል። ሰሞኑን አሳፍሮኝ ስወርድ «ቲቸር፣ ካንተማ ሒሳብ አልቀበልም» አለኝ። ስለ መርከብ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።